የፊተኛው እጅ

ጋሽ ቸርኬ በእግሩ ሲሄድም በእጁ ይጠቁማል። ከባለቤቱ ጋር ወደ ገበያ ሲወርዱ መንገዱ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካጋጠመው፣ እሱ ሳያስበው እጁ ወደ ታች ይዘረጋና ጣቱ ይቀሰራል። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ መቼም ዝም ብላ አታልፈውም። «ከኋላችን ማን አለ ብለህ ነው? ለነፋሱ ነው የምታሳየው?» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ዘመድ ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄደው፣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት የተነቀለች የወለል ሸክላ አየና እንደ ልማዱ ጠቆመ። ከኋላው መድኃኒት በትሪ ይዛ የምትመጣ ነርስ ዞር ብላ አለፈችና «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ያን ቀን ባለቤቱ አፏን ዘጋች፤ እስከ ማታ ድረስ።

እጁ ይህን ዓመል ያመጣው ከሥራ ብዛት ነው። ጋሽ ቸርኬ ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ ብስክሌት ይጠግናል። ቸርኬ የሚለው ቅጽል ስምም ከዚያው የመጣ ነው፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያ ወረቀቱና ባለቤቱ ብቻ ናቸው፣ እሷም የምትጠራበት ስትቆጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ከሱቁ ፊት አሥር ያህል ሰው ከነብስክሌቱ ይሰበሰባል። ጥርስ ሐኪሙ አለ፣ የኬሚስትሪ መምህሯ አለች፣ ዳቦ ጋጋሪው አለ፣ በወይን እርሻው ትራክተር የምትነዳው የገዛ ልጁም አለች። የቀሩት እንደ ሳምንቱ ይለያያሉ። ሐይቁን በግራ ትተው፣ በወይን እርሻው መሃል ሽቅብ ወጥተው፣ ጉልበት ባለ ቀን ተራራውን ተሻግረው ማዶ ካለው ከሁለተኛው ሐይቅ ድረስ ይወርዳሉ።

በአስፋልት ላይ ለሚሮጥ ብስክሌተኛ ነፋስ ጠላቱ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ጀርባ ተለጥፎ፣ ጎማ ከጎማ ለመንካካት አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ በሰልፍ ይሄዳሉ። ችግሩ የሰው ጀርባ ወዲያ ማዶውን አያሳይም። ከኋላ ያለው የሚያየው በላብ የረጠበ ሸሚዝ እንጂ መንገዱን አይደለም። ፊት ያለው ሰው ዓይን የሁሉም ዓይን ነው። ጉድጓድ ሲያይ ጉድጓዱ ባለበት ጎን እጁን አውርዶ ይጠቁማል፤ ጠጠር ሲያይ መዳፉን ዘርግቶ ያራግባል፤ መቆም ካለባቸው ክንዱን ወደ ላይ አንስቶ ጡጫ ይጨብጣል። ሁለተኛው አይቶ ይደግማል፣ ሦስተኛው ይደግማል፣ እንዲህ እያለ ምልክቱ እስከ ጭራው ይደርሳል። እጅ ደግሞ አይጠየቅም። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ ነገር የለም። እጁ ግራ ካለ ሁሉም ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ አለቀ።

ሕጉን ያወጣው ጋሽ ቸርኬ ራሱ ነው፤ ያወጣውም በደህና ቀን አይደለም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ እሱና ዳቦ ጋጋሪው ሁለቱ ብቻ ሆነው በዚያ መንገድ ይበሩ ነበር፤ እሱ ከፊት፣ ጋጋሪው ከኋላ። ጉድጓዱን አየ፣ ዘወር ብሎ አለፈ፣ በልቡም «እሱም አይቶታል» አለ። ጋጋሪው አላየውም። ከብስክሌቱ ተስፈንጥሮ ወይኑ መሃል ገባ፤ የግራ ትከሻው ተሰበረና ተጣሞ ገጠመ። ዛሬም የዳቦ ጣውላውን ወደ ምድጃው የሚገፋው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። ጋሽ ቸርኬን ሲያቃጥለው የኖረው ግን ስብራቱ አይደለም። ጋጋሪው አንድም ቀን «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎት አያውቅም። ቢሰድበው፣ በጥፊ ቢለው በተሻለው። ሰውየው ዝም ብሎ ድኖ መጣ፣ ዝም ብሎ ከሰልፉ ጭራ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ከጭራው ወጥቶ አያውቅም። ጋሽ ቸርኬም ያየ ሰው ይናገር የሚል ሕግ አወጣና ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከፊት ሆኖ፣ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳይነቅል ኖረ።

ጉድጓዶቹን ሁሉ ስም አውጥቶላቸዋል። ከሱቁ እስከ ማዶው ሐይቅ አርባ አንድ ናቸው። ከውሃ ማማው አጠገብ ያለችው «ሲኒ» ናት፤ ትንሽ ናት፣ ግን ጎማ ትሰብራለች። ወይን እርሻው መግቢያ ላይ ያለው «ጥርስ ሐኪሙ» ይባላል፤ ምክንያቱም ጥርስ ሐኪሙ ወሬ ይዞ ምልክቱን ሳያይ ቀርቶ የራሱን የፊት ጥርስ እዚያ ጥሎ ሄዷል። ከተራራው አናት ወዲያ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሦስተኛው መዞሪያ ጋ ያለችው ደግሞ «አማት» ናት። መንገድ ሠሪዎቹ በየዓመቱ ይደፍኗታል፤ በየዓመቱ ሻንጣዋን ይዛ ትመለሳለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ዓይኑ የከዳው።

ሱቁ ጠባብ ነው። ከጣሪያው ጎማዎች ተንጠልጥለዋል፣ ካቴናዎች በየምስማሩ ተሰቅለዋል፣ ጥግ ላይ የውስጥ ጎማው፣ የካለማዳሪው፣ ቀዳዳ የሚፈለግበት የውሃ ሳፋ አለ፤ ቤቱ ማስቲሽና ያረጀ ዘይት ይሸታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ጎማ እያሽከረከረ የተጣመመ ቸርኬ ሲያቃና፣ የሚያየው ነገር መሃሉ ጠፋበት። ዳሩ አለ፤ መሃሉ የለም። መብራቱ ነው ብሎ አምፖል ቀየረ። መነጽሩ ነው ብሎ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። በመጨረሻ ባለቤቱን «መለዋወጫ ላመጣ ነው» ብሎ ዋሽቶ ሌላ ከተማ ሄደና ዓይን ሐኪም ፊት ተቀመጠ።

«ዳር ዳሩ ይቀርልዎታል» አለችው ሐኪሟ። «መሃሉ ግን የሄደው አይመለስም። የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል።»

«መሃሉ ስንት ነው?»

«ፊት ለፊትዎ የቆመ ሰው ፊቱን የሚያህል ይበሉት። ከዛሬ ጀምሮ ምንም ነገር እንዳይነዱ።»

«መኪና የለኝም» አላትና ወጣ።

ያለችው አልቀረም። ሰው ሲያነጋግረው ጆሮውን ያያል፣ ትከሻውን ያያል፣ ፊቱ ላይ ግን አውራ ጣት የተጫነበት ይመስል ድፍን ነገር አለ። የልጁን ፊት ካየ ስምንት ወር ሆኖታል። ይህ ያስለቅሰዋል፤ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ከዚያ እጁን ታጥቦ ሥራውን ይቀጥላል። ሥራው እንኳ አልተበላሸም። ጣቶቹ ያውቁታል። የጎማ ሽቦ መጥበቁን በድምፁ ይለያል፣ የካለማዳሪ ቀዳዳ በጉንጩ ነፋሱን ሰምቶ ያገኛል። ደንበኞቹ «ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል እኮ!» እያሉ ያደንቁታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ባለቤቱ አንድ ቀን መርፌና ክር ሰጠችው፤ የእሷም ዓይን ደከም ብሏል። አገላበጠና «ክሩ ወፍሯል፣ አይገባም» አላት።

«ቀዳዳውን አይተኸዋል ወይስ ዝም ብለህ ነው?»

«አይቻለሁ እንጂ! ዓይኔን ግንባር...» ብሎ ሊምል ጀመረና አቋረጠ። ሌላ ጊዜ በቀን አሥር ጊዜ የሚምልባት መሃላ ነበረች። ያን ዕለት ግን ዋጣትና ወደ ጓሮ ወጣ።

ለምን አልተናገረም? ፈራ። ይህን አሳምሮ መንገር አያስፈልግም። ስድስት ቀን ሰው ጭቃ የነካው ብስክሌት ይዞለት የሚመጣ ጠጋኝ ነው፤ በሰባተኛው ቀን ግን አሥር ሰው ጥርሱንና አጥንቱን አምኖ በአንድ እጁ ላይ ይጥልለታል። ያቺን ቀን ከወሰዱበት የቀረው ምን እንደሆነ ማሰብ አልፈለገም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ ብስክሌቱን እየገፋ፣ መንገዱን ያጠናል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይቆማል፣ አንገቱን እንደ ዶሮ ሰብሮ በዓይኑ ጠርዝ ያያል፣ በጫማው ጫፍ ይዳብሳል። መሃል መሃሉን ደግሞ እየነዳ፣ ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ድልድይ ፔዳሉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቆጥሮ ይይዛል። ማዶውንም በወር አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ተሻግሮ ያጠናዋል። ቅዳሜ ሲደርስ ትምህርቱን በቃሉ እንደያዘ ተማሪ መንገዱን ይወጣዋል። እጁ ከድሮው ይልቅ የፈጠነ ሆነ። መምህሯ እንዲያውም «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጉድጓዱ ሳይታይ ነው የሚጠቁሙት!» አለችው። እውነቷን ነበር።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ግን የባለቤቱ የስፌት መኪና ቀበቶ ተበጠሰ፤ ሠላሳ የተማሪ ሱሪ ሰኞ ማስረከብ ነበረባት። ጋሽ ቸርኬ ከአሮጌ ካለማዳሪ ቀበቶ ቆርጦ ሲያበጅላት፣ ሲጠብቅ ሲላላ፣ ቀኑ መሸ። «ለአንድ ሳምንት ምን ይለወጣል?» አለ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ፤ ተራራውን የሚሻገሩበት ቀን ነበር። ሐይቁን ጨርሰው ወደ ወይን እርሻው ሲታጠፉ ጋሽ ቸርኬ ደስ ብሎት ነበር፤ እግሩ ቀሎታል፣ ቆጠራውም ትክክል ነው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። ቀኝ እጁን አወረደና «ጥርስ ሐኪሙን» ሁለት ጊዜ ጠቆመ። እሱ ወደ ግራ ሸሸ። ከኋላው ልጁ ጠቆመች፣ ጥርስ ሐኪሙ ጠቆመ፣ መምህሯ ጠቆመች፤ አንድ በአንድ፣ እስከ ዳቦ ጋጋሪው ድረስ፣ አሥር ሰው ዘወር ብሎ አለፈ። ያለፉትም ትናንት የተተኮሰ ልብስ የሚመስል ለስላሳ፣ ጥቁር፣ አዲስ አስፋልት ነው። ማንም ልብ አላለም። ሁሉም የሚያየው እጅ ነው።

አንድ ሰው ብቻ ልብ አለች። ልጁ ሐሙስ ዕለት መንገድ ሠሪዎቹ ሲደፍኑት ትራክተሯን አቁማ አሳልፋቸዋለች። ከቦታዋ ወጥታ ጎኑ መጣች።

«አባዬ።»

«ወደ ቦታሽ» አለ። ከፊተኛው ጎን አይኬድም።

«ጥርስ ሐኪሙን ሐሙስ ደፍነውታል እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «አዲስ አስፋልት አይታመንም። ይሰምጣል።»

ልጁ ቀስ ብላ «እሺ» አለች። «ያ ትራክተር እስኪያልፍ ቀስ እንበል?»

ጋሽ ቸርኬ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ያው ድፍን ነገር አለ። የሞተር ድምፅ አልሰማም፤ ነፋሱ ግን ከኋላ ነው፣ ነፋስ ደግሞ ድምፅ ይወስዳል። ልጁ ትራክተር አለ ካለች አለ። «አዎ፣ ይለፍ» አለና መዳፉን ወደ ኋላ አሳይቶ ሰልፉን አቀዘቀዘው።

«አባዬ» አለች ልጁ። ድምጿ ተቆራረጠ። «ትራክተር የለም።»

እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ሰው ሲዋሽ ሲያዝ ይቆጣል፤ እሱም መቆጣት አማረው፣ ግን ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ጠፋበት። ልጁ ከጎኑ ታለቅሳለች፤ ፊቷን ባያይም አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ።»

«እማዬ ታውቃለች?»

«አታውቅም። አንቺም አትነግሪያትም።»

«አባዬ፣ እኔ የማስበው እማዬን አይደለም፤ ቁልቁለቱን ነው። አሥር ሰው ነን እኮ! አናቱ ላይ ትነግራቸዋለህ።»

«የዛሬን ልውረድ። በቃሌ ነው የማውቀው፣ እያንዳንዷን ስንዝር...»

«ጥርስ ሐኪሙንስ በቃልህ አልነበረም የምታውቀው?»

ጋሽ ቸርኬ ፔዳሉን መርገጥ ቀጠለ። «ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ወጡ። አቀበት ላይ ሰው ቀስ ስለሚል ጉድጓድ አያሰጋም፤ እጁ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ለሐሳብ ይመቻል። ቁልቁለቱን አሰበ። የጥርስ ሐኪሙን ልጆች አሰበ። ከሁሉ በላይ ከጭራው የሚመጣውን ጋጋሪ አሰበ፤ ያን ሰው አንድ ጊዜ ጥሎታል። ጉድጓድ አይቶ ሳይናገር ማለፍ ማለት ይኸው ነው፤ ራሱ ባወጣው ሕግ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋተኛ ሆኖ ኖሯል። አፈረ። ከማፈሩም ብዛት አቀበቱ እንዲያልቅ አልፈለገም።

አናቱ ላይ የድንጋይ አጥርና አንድ የውሃ ቧንቧ አለ። ብስክሌታቸውን አስደግፈው ውሃ ጠጡ፣ ጋጋሪው እንደ ሁልጊዜው ከጀርባው ቦርሳ ዳቦ አውጥቶ እየቆረሰ አደለ። ልጁ ወደ ዳር ሆና እጇን አጣጥፋ ቆማለች። ጋሽ ቸርኬ ዳቦውን አልበላውም።

«ስሙኝማ» አለ። «ጉድጓድ አለ።»

ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሩ። «የት ጋ?» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«መንገዱ ላይ አይደለም። እኔ ዓይን ላይ ነው።»

ጥርስ ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ አቆመ። ጋሽ ቸርኬ ሁሉንም ተናገረ። ሐኪሟን፣ ዓርብ ዓርብ የሚያጠናውን፣ ዛሬ ጠዋት በሌለ ጉድጓድ እንዳዞራቸው። ከቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ሁለት ልጆች አሉኝ» አለ ጥርስ ሐኪሙ። «ባለፈው ወር በዚህ ቁልቁለት በሰዓት ስልሳ ኪሎሜትር ነው ከኋላህ የወረድኩት። ስልሳ! አንተ ደግሞ አታይም ነበር። ምን አድርገንህ ነው?»

«ምንም። ይቅርታ።»

«ይቅርታ ነው የምትለኝ?»

«ሌላ ቃል የለኝም» አለ ጋሽ ቸርኬ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ቢጨምርበትም አይከፋውም ነበር። «እናንተ በመጣችሁበት ተመለሱ ወይ ውረዱ፣ እንደፈለጋችሁ። እኔ እዚህ እቀራለሁ። ከእርሻው መኪና ይላኩልኝ።»

ያን ጊዜ ጋጋሪው ዳቦውን አጥሩ ላይ አስቀመጠና ወደ እሱ መጣ። በጣም ቀረበው፤ ከልብሱ የእርሾ ሽታ ይመጣል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለው።

ጋሽ ቸርኬ ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቀው ኖሯል። የትኛውን እንደጠየቀው አላወቀም፤ የቱንም ቢሆን አሁን የሚያሳምርበት አቅም አልነበረውም። «ፈራሁ» አለ። ከዚያም የሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ ባሉበት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጋጋሪው ደህናውን እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ እስኪጨርስ ጠበቀው። «በል እንሂድ» አለው ኋላ። «ማንም እዚህ አይቀርም። ማዶ የተቀጠረ ምሳ አለን። ዛሬ በእግረኛ ፍጥነት ነው የምንወርደው። ልጅህ ከፊት ትሁን።»

«እጇን ማየት አልችልም እኮ!»

«ትጮህልሃለች። ትራክተር ላይ የዋለች ልጅ መጮህ አያቅታትም።»

እንዲህ ሆነ። ልጁ ከፊት፣ እሱ ሁለተኛ፣ ከሱ ቀጥሎ ጋጋሪው። ጥርስ ሐኪሙ እያጉረመረመ ከጭራው ገባ፤ ተቆጥቷል፣ ግን ጥሏቸው አልሄደም።

በሕይወቱ ከሰው ኋላ ሆኖ ቁልቁለት ወርዶ አያውቅም። ፍሬኑን ሁለት እጁ እስኪደነዝዝ ጨብጦ፣ ሰው ሮጦ በሚቀድመው ፍጥነት ሲወርድ፣ ልቡ ጉሮሮው ውስጥ ገባ። «ቀኝ ጉድጓድ!» ትላለች ልጁ፤ ወደ ግራ ይሸሻል። «ጠጠር!» ትላለች፤ ትንፋሹን ይይዛል። እያንዳንዷን ቃል ካወቀው ጋር ያመሳክራል። አንደኛው መዞሪያ ልክ። ሁለተኛው ልክ። ሦስተኛው ሲደርስ «አማት» በቀኝ በኩል መሆኗን ያውቃል፤ ስንት ዓመት የተዋወቁ ናቸው። ወደ ግራ ሊል አካሉን አዘነበለ።

«ግራ ጉድጓድ!» አለች ልጁ። «ወደ ቀኝ አባዬ! ወደ ቀኝ!»

ተሳስታለች፣ አለ በልቡ። ደንግጣ ቀኝና ግራዋ ጠፍቷታል። ጫማው ጫፍ ጉድጓዱን ዳብሶ ያውቀዋል፤ በቀኝ ነው። ለመወሰን ያለው ጊዜ ምራቅ የመዋጥ ያህል ነው። ከኋላው ደግሞ ጋጋሪው አለ፤ እሱ የሄደበት ይሄዳል። ጋሽ ቸርኬ ዓይኑን ጨፈነ፤ ለነገሩ ቢከፍተውም ለውጥ የለውም፤ ጉድጓድ አለ ብሎ ወደሚያምንበት ጎን መሪውን አዞረ።

ጎማው ለስላሳ መንገድ ላይ ተንሸራተተ። ምንም አልነበረም። «አማትን» ሐሙስ ደፍነዋት ነበር፤ እሷ ግን ከጎን በኩል፣ በግራ፣ አዲስ በር ከፍታ ገብታለች።

ማዶው ሐይቅ ዳር ሲደርሱ ጋሽ ቸርኬ ብስክሌቱን አጋድሞ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ወደ ምግብ ቤቱ ገቡ። ጥርስ ሐኪሙ ሲያልፍ ቆም አለና «የአንድ ወር ቂም አለኝ» አለው። «ከዚያ በኋላ እናያለን።» ልጁ እናቷን በስልክ ልታነጋግር ወደ ዳር ወጣች፤ ጋሽ ቸርኬም አልከለከላትም። ጋጋሪው አጠገቡ ተቀመጠ።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው ጋሽ ቸርኬ። «ከኋላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ? ልብህ ጉሮሮህ ውስጥ ተወትፎ?»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመት፣ አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ለመድኩ። አንተ አለህ፣ መንገዱን ለአንተ ተውኩት። እኔ አገር አይ ነበር።»

«ምን አገር አለ እዚህ?»

ጋጋሪው ዞር ብሎ አየው። «ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ሁለቱም ሐይቆች አንድ ላይ ይታያሉ እኮ። የእኛው በዚህ፣ ይኼኛው በዚያ። ለአራት ሰከንድ ነው የሚታዩት፤ እኔ የምመጣው ለሱ ነው። አይተኸው አታውቅም?»

ጋሽ ቸርኬ አሰበ። በዚያ መዞሪያ ስንት መቶ ጊዜ አልፏል። ስንት መቶ ጊዜ «አማትን» አይቷል።

«እኔ ጉድጓዱን ነበር የማየው» አለ።

ከምሳ በኋላ በመጡበት ተመለሱ። ሽቅብ ነው፤ ቀስ ነው። ልጁ ከፊት ሆና ትጮሃለች፣ እሱም በወጉ ይታዘዛል፤ አንድ ሁለት ጊዜ «ዘግይተሽ ነው የተናገርሽው» ብሎ ነገር ሊፈልጋት ሞከረ፣ «ዝም ብለህ ንዳ አባዬ» አለችው። ሦስተኛው መዞሪያ ሲደርሱ ከኋላው ጋጋሪው «አሁን!» አለ።

«ጉድጓድ አለ?» አለ ጋሽ ቸርኬ ደንግጦ።

«እሱን ለልጅህ ተወው! ቀና በል!»

ቀና አለ። ከፊቱ፣ ተራራው መኖር በነበረበት ቦታ፣ ያው ድፍን ነገር አለ። በግራ ጠርዝ ግን ውሃ ነበር፣ ሰፊ፣ ብርሃን የያዘ፤ በቀኝ ጠርዝም ሌላ ውሃ ነበር፣ ከስሩ አረንጓዴ የወይን ረድፍ ተሰልፎ። አንዱን ላይ ብሎ ቢዞር ይጠፋበታል፤ ዝም ብሎ ወደ መሃል ካየ ሁለቱም አሉ። አራት ሰከንድ አልነበረም፤ አቀበት ስለሆነ ብዙ ቆየ።

«አየሃቸው?» አለ ጋጋሪው።

«አየሁ» አለ ጋሽ ቸርኬ። በዚያ ዓመት ይህን ቃል ሳይዋሽ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።